ሙልሙሉ በማግስቱ ለምን ድንጋይ ይሆናል?

ጥያቄው በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተለጠፈው ነሐሴ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ጠያቂዋ አዳማ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ወንዱ 3፣ ሴቷ 6 ዓመታቸው ነው። ለቡሄ የሚታደለውን ሙልሙል ከዳቦ ቤት ከመግዛት ከልጆቿ ጋር ቤት ውስጥ መጋገር ፈልጋ ሁለት ጊዜ ሞክራለች። ሁለቱንም ጊዜ ዳቦው ቅርፊቱ ወፍራም፣ ጠረኑ ጠላ ጠላ የሚል ሆኖ ወጣ፤ በማግስቱ ደግሞ ጥርስ የማይደፍረው። የሠራችበትንም ዘርዝራለች፦ 1 ኪሎ ፉርኖ ዱቄት፣ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ትንሽ ጥቁር አዝሙድ። ሊጡ ኩፍ እንዲል 2 ሰዓት ተትቷል፤ ከተድበለበለ በኋላ ሌላ 1 ሰዓት። ከዚያ 200 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ ገብቶ፣ በዳቦው ሆድ የሚሰካው የሙቀት መለኪያ 98 እስኪያሳይ ተጠበቀ፤ 40 ደቂቃ ሲሞላ 98 ሳይደርስ ወጣ። ጥፋቱ የእርሾው ነው ወይስ የዱቄቱ ብላ ጠየቀች።

ስለ መለኪያው የጻፈችው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ናት። አሥራ አምስት ምላሽ በላይዋ አልፎ ሄደ።

ቁጥር 1 እንደ አብዛኛው የመጀመሪያ ምላሽ ትሑት ነው። እህቴ ብሎ ጀምሮ እርሾውን እንድትፈትሽ ይመክራል፦ ግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከላይ አረፋ ካወጣ እርሾው ሕያው ነው። ምክሩ በራሱ አይነቀፍም። ጠላ ጠላ እስኪሸት የፈላን ሊጥ እርሾው ሞቶ ይሆን ብሎ መጠርጠር ግን ጥያቄውን እስከ መጨረሻ አለማንበብ ነው። ቁጥር 2 ዱቄቱን ከሰሰ፤ የከረመና ነቀዝ የነካው ይሆናልና ይነፋ አለ፤ ሌላ ነገር የለውም።

ክሩ፣ ማለትም የምላሾቹ ሰንሰለት፣ መልክ የያዘው በቁጥር 3 ነው። የጻፈችው ከሐዋሳ ሲሆን፣ ከማንኪያው ጀመረች። የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በቢላ ጀርባ የተጠረገ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ 3 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ 2 የሾርባ ማንኪያ ማለት 18 ግራም ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት 7 ግራም ይበቃል። ይህን ያህል እርሾ ለ3 ሰዓት ሞቅ ያለ ቤት ሲተው የሊጡን ስኳር ይጨርሰዋል፤ ጠረኑ ከተረፈው አልኮልና አሲድ የመጣ ነው። ቀጥላም ሌሎች ያላዩትን አገናኘች፦ ስኳሩ ያለቀበት ሊጥ ኦቨን ውስጥ አይቀላም፤ ጋጋሪዋ እስኪቀላ ስትጠብቅ ዳቦው ይደርቃል። ወፍራም ቅርፊትና የጠላ ጠረን የአንድ በሽታ ሁለት ምልክት ናቸው ማለቷ ነው።

ፈተናውንም በቅርብ አሳይታለች። ዱቄት የነካ ጣት ሊጡ ውስጥ እስከ መጀመሪያው አንጓ ይገባና ይወጣል። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ሊጡ ገና ነው። ቀስ ብሎ ግማሽ ያህል ከተመለሰ ደርሷል። እንዳለ ከቀረ፣ ይባስም ብሎ ዙሪያው ከሰመጠ አልፎበታል። ያለፈበትንም መጣል አያስፈልግም፤ ተደቁሶ፣ ተድበልብሎ ለሁለተኛው ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጋገር፤ ወይም 150 ግራም ያህሉ ተቆርጦ ለነገ ሊጥ እንደ እርሾ ይግባ። እንደ እኔ ከክሩ ሁሉ ቢታተም የሚያዋጣው ይህ ምላሽና ኋላ የሚመጣው ቁጥር 16 ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከሊጥ ወጣ። ቁጥር 4 ልጆች የሚወዱት ለስላሳ ዳቦ ከተፈለገ ከውኃው ላይ አንድ ብርጭቆ ተቀንሶ ወተት ይግባ፣ 2 እንቁላልና 80 ግራም የገበታ ቅቤም ይጨመር አለች። ስብ የዳቦን ውስጥ ስለሚያለሰልስና መድረቁን ስለሚያዘገይ የተናገረችው ሐሰት የለበትም። ቁጥር 5 ግን እንደ ጅራፍ ጮኸች፦ ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው፣ ቅቤና እንቁላል የገባበት ሙልሙል ለየትኛው ቡሄ እንደሚሆን ይነገረን፤ የማያውቁትን ከመምከር ዝም ማለት ይሻላል የሚል ነበር መንፈሱ። ቁጥር 6 የ3 ዓመት ልጅ እንደማይጾም አስታወሰ። ቁጥር 7 እዚህ መድረክ ላይ ሙስሊምም ጴንጤም እንዳለ፣ ወተት የገባበት ትንሽ ዳቦ ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ዓመቱን ሙሉ እንደሚያገለግል፣ ሰውን እንዲህ ማሸማቀቅ ግን ነውር መሆኑን ጻፈ።

ያስታረቀው ቁጥር 8 ነው። ነገሩ የቤቱ ልጅ መጾም አለመጾሙ ሳይሆን በር ላይ ሆያ ሆዬ ብለው የሚመጡት የሰው ልጆች ናቸው፤ ሙልሙል ሲቀበል ማንም በውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም፣ አመኔታ ነው። ስለዚህ የሚታደለው የጾም ይሁን፣ የቁጥር 4 ደግሞ ለሌላ ቀን ይቀመጥ። ጠያቂዋም በቁጥር 9 ብቅ ብላ የጾሙን እንደምትፈልግ አስታወቀች፤ ቁጥር 4ንም አመሰገነች። ቁጥር 5 ዝም አለች። ለጊዜው።

የጾም ዳቦ ያለ ወተትና ቅቤ እንዴት ይለሰልሳል ለሚለው ቁጥር 10 ያመጣው ዘዴ ከአገር ቤት ሙቅ የራቀ አይደለም። ከ1 ኪሎው ዱቄት 60 ግራም ይነሳና በ300 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል። በመካከለኛ እሳት እየተማሰለ ማንኪያው በድስቱ ግርጌ ዱካ እስኪተው ይበስላል፤ መንተክተክ ሳይጀምር ይወርዳል። ሲቀዘቅዝ ከቀረው 940 ግራም ዱቄት፣ ከ350 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ ከእርሾውና ከጨው ጋር ይቦካል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የበሰለ ዱቄት ከጥሬው ብዙ እጥፍ ውኃ ይዞ ይቀመጣል፣ ያ ውኃ ዳቦው ውስጥ ስለሚቆይ ዳቦው በማግስቱም ለስላሳ ነው። የሚበላሸው ሙቁ ትኩስ ሳለ እርሾ ላይ ሲፈስ ነው፤ እርሾ ከ55 ዲግሪ በላይ አይተርፍም። የእጅ አንጓ ውስጥ ጠብ ሲደረግ የማያቃጥል ከሆነ ይበቃል፣ የሕፃን ወተት እንደሚፈተነው።

ቁጥር 11 ከሐዋሳ፣ ስኳር ድንች ርካሽ በሆነበት አካባቢ ሙቅ ማብሰል ለምን አስፈለገ አለ፦ 250 ግራም ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በወንፊት ከተላለፈ ሊጡን ያለሰልሳል፣ ቀለሙንም ልጆች ይወዱታል። ውኃው ግን ከ450 ሚሊ ሊትር ተጀምሮ እየታየ ይጨመር፤ ድንቹ የራሱ ውኃ አለውና 650ውን በአንዴ ያፈሰሰ ሰው ሊጥ ሳይሆን ሾርባ ይዞ ይቀራል።

ስለ ሙቀት የመጣው ቁጥር 12 የአዳማ ሰው ነው፤ ቋንቋው ደረቅ፣ ቁጥሩ ጥሩ። ሊጡ ቦክቶ ሲያበቃ 25 ዲግሪ አካባቢ እንዲሆን የቤቱ፣ የዱቄቱና የውኃው ሙቀት ተደምሮ 75 ይምጣ ይላል። ክረምትም ቢሆን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከቀትር በኋላ ቤቱ 28 ዲግሪ ቢነካ አይደንቅም፤ ዱቄቱ 27 ከሆነ ውኃው 20 ይሁን፣ ማለትም የቧንቧ ውኃ እንጂ ለብ ያለ አይደለም። ከወፍጮ ቤት ገና የመጣ ዱቄት ግን በድንጋዩ ፍትጊያ ይግላል። 38 ዲግሪ ሆኖ ከተቦካ ውኃው 9 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ከፍሪጅ ካልሆነ ከየት ይመጣል? ዱቄቱ በሰፊ ዕቃ ተበትኖ ቢያድር ይቀላል። የወፍጮ ቤት ዱቄት ገለባው ስላለበት ከፉርኖው የበለጠ ውኃ ይጠጣል፣ ለኪሎ 700 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ፤ ገለባው እስኪርስም ሳይታሽ 30 ደቂቃ መተው አለበት።

ቁጥር 13 አባት ነው። ልጆቹ ሲያሹ ሊጡ እጃቸው ላይ ስለሚጣበቅ ዱቄት እየነሰነሰ እንደሚሰጣቸው፣ ይህ ችግር ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 14 አባወራ ጓዳ ገባ እያለ ሲያላግጥ ቆየ፤ ሦስት ሰው ሳቀለት። ቁጥር 15 ላጋጩን እንዳላየ አልፎ ሰውየውን በቁም ነገር መለሰለት፤ መልሱም ለጠያቂዋ ጭምር ነበር። አንድ እፍኝ ዱቄት 30 ግራም ያህል ነው። ሦስቴ ከተነሰነሰ 90 ግራም ገባ ማለት ነው። ለ1,000 ግራም የታሰበው 650 ሚሊ ሊትር ውኃ አሁን ለ1,090 ሆነ፤ ከ100 ግራም ዱቄት 65 የነበረው ወደ 60 ወረደ። ልጅ የተሳተፈበት ዳቦ የሚደርቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፣ ማንም ግን አይቆጥረውም። መፍትሔው እጅን በዘይት መቀባት ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለሁለት ትንንሽ እጆች ይበቃል። ደግሞም ሊጡ ተለውሶ 20 ደቂቃ ተሸፍኖ ካረፈ መጣበቁ በራሱ ይቀንሳል፣ የሚታሸውም 10 ደቂቃ ሳይሞላ ይለሰልሳል። ተቆንጥሮ ሲሳብ ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ታሽቷል።

የሥራ ክፍፍሉንም ጻፈ። የ3 ዓመቱ ልጅ ተለክቶ የተቀመጠ ውኃ ያፈስሳል፣ አዝሙድ ይበትናል፣ 90 ግራም ድቡልቡል ተሰጥቶት በመዳፉ ያንከባልላል። የ6 ዓመቷ ሚዛን ታነባለች፤ 1 ኪሎ ዱቄት 18 ሙልሙል ስለሚወጣው ቆጠራውም የእሷ ነው። ዕቃው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ይነጠፍ። ሊጥ ግን አይቀመስም፤ ጥሬ ዱቄት እሳት ያላየ ነው፣ የእህሉን ጀርም ይዞ ይመጣል፤ እጅም ከሥራው በፊት ብቻ ሳይሆን በኋላም ይታጠባል።

እዚህ ላይ ቁጥር 16 ገባች። አምስት መስመር ብቻ ጻፈች። ጠያቂዋ 98 ዲግሪ ጠብቄ ያለችው አዳማ ላይ ነው፤ አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐዋሳም እንዲሁ። በዚያ ከፍታ ውኃ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የዳቦ ሆድ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውኃው መፍያ አያልፍም። ስለዚህ 98 ዲግሪው ዓመት ቢጠበቅም አይመጣም፤ የሚመጣው መድረቅ ነው። ሙልሙሉ 90 ወይም 91 ሲል ይውጣ።

ከወረፋው ሁሉ አንድ ሰው ብቻ ጥያቄውን አንብቦታል ማለት ነው።

ሁሉም አላመነም። ቁጥር 17 ኦቨኑ 200 ዲግሪ እያለ ዳቦው እንዴት ከ94 አያልፍም፣ ለራሱ በመለኪያ 97 ያየ ሰው አለ፣ ከፍታ የሚባለው የአውሮፕላን ጉዳይ ነው እያለ ተከራከረ። ቁጥር 18 ትዕግሥቱ ያለቀ መሰለ፤ ያየው ሰው የት ሆኖ እንዳየ ይጠየቅ፣ ጋምቤላ ከሆነ ልክ ነው አለ። ከዚያ ግን ቀዝቀዝ ብሎ በሽሮ አስረዳ፦ ሽሮ እየተንተከተከ ሳለ እሳቱ ቢጨመርበት አይብስም፣ ሙቀቱ እዚያው ነው፤ የሚፈጥነው ውኃው መትነኑ ነው፣ ቀጥሎም ከሥሩ ያራል። ቅርፊቱ ከ100 በላይ የሚግለው ውኃው ስላለቀበት ነው። ሆዱ ውኃ ይዞ ቅርፊት የሚሆንበት መንገድ የለም። ሽምብራ አዲስ አበባ ከአዋሽ ይልቅ ዘግይቶ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጥር 17 አልመለሰም፤ ይህ በመድረክ ቋንቋ መስማማት ነው።

የአጋገሩን ነገር ቁጥር 19 ሰበሰበው። ኦቨኑ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀድሞ 210 ይሙቅ፤ ትሪው መሐል መደርደሪያ ላይ፤ በሙልሙሎቹ መካከል ሁለት ጣት ክፍተት። 90 ግራሙ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ይበቃዋል። ትንሹ ኦቨን ወደ ኋላው ስለሚግል 10ኛው ደቂቃ ላይ ትሪው ይዙር። ምጣድ ብቻ ያለው ሰው በአክንባሎ ከድኖ በየፊቱ 8 ወይም 9 ደቂቃ ይጋግር፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሥር ብቻ ስለሚያግል ካልተገለበጠ ታቹ አርሮ ላዩ ነጭ ይቀራል። ምጣዱ በደንብ ከጋለ በኋላ ዳቦው ሲቀመጥ ለ3 ደቂቃ ማጥፋትም ይረዳል። ዳቦው ሲወጣ ለስላሳ ቅርፊት የፈለገ ወዲያው በንጹሕ ነጠላ ይሸፍነው።

ቁጥር 20 የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ እንድታስቀምጥ መከረ። ቁጥር 21 ቀበል አድርጎ አፈረሰው፦ ዳቦ የሚጠነክረው ውኃው ስለተነነ ብቻ ሳይሆን የበሰለው ስታርች እንደገና ስለሚቋጠር ነው፣ ያ ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይፈጥናል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ላስቲክ ውስጥ ሁለት ቀን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በረዶ ቤቱ ውስጥ። የጠነከረው ጥቂት ውኃ ተረጭቶበት ምጣድ ላይ ቢሞቅ ያ የተቋጠረው ይፈታል፣ ግን ያኔውኑ መበላት አለበት። መብራት ቢሄድስ የሚለውን ቁጥር 22 አነሳ፤ ዳቦው ከ10 ደቂቃ በላይ ከተጋገረ ኦቨኑን አለመክፈት፣ በራሱ ግለት ይጨርሳል፤ ገና ሊጥ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ገብቶ ይጠብቅ፣ አሁን ነው ፍሪጅ የሚጠቅመው። ከሰል ላይ በብረት ድስት፣ ክዳኑ ላይም ፍም አድርጎ መጋገር እንደሚቻል ሲጨምር ቁጥር 23 በዝግ ክፍል እንዳይሆን፣ የከሰል ጭስ ባይታይም እንደሚገድል፣ ልጆች ያሉበት ቤት ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ብቻ እንዲደረግ አስጠነቀቀ። አጭርና ተገቢ።

ከቁጥር 24 ጀምሮ ክሩ ተበተነ። አንዷ የ9 ወር ሕፃን እንዳላት ጠቅሳ ሙልሙሉ በስኳር ፋንታ ማር ቢገባበት ብላ ጠየቀች። ቁጥር 25 ከተጋገረ ምን አለበት አለ። ቁጥር 26 በጥብቅ አረመው፦ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ዘር በፈላ ውኃ ሙቀት አይሞትም፣ የዳቦው ሆድ ደግሞ እንደ አዳማ ባለ ከፍታ 94ም በቅጡ አይደርስ። የቁጥር 16 ነገር በዚህ በኩል ተመልሶ መምጣቱ ደስ ይላል። ቡና ሲፈላ የሚበተነው ፈንዲሻና ቆሎም ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ አደጋ መሆኑን ጨምሮ ጻፈ፤ ለ3 ዓመቱ ልጅ ሙልሙል ተቆርሶ ይሰጠው፣ ቆሎው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ።

ቁጥር 27 ሊጥ መንካት የሚወድ ልጅ የራሱ ሊጥ ይኑረው ብላ የመጫወቻውን አሠራር ሰጠች፦ 2 ብርጭቆ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ ጨው፣ 2 ብርጭቆ ውኃ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፤ በዝግታ እሳት ተማስሎ ከድስቱ ግድግዳ ሲላቀቅ ይወርዳል፣ ሲበርድ ይታሻል። ለቢጫ እርድ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ጭማቂ ከውኃው ጋር። ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል። ጨው ስለበዛበት የጎረሰ ልጅ ወዲያው ይተፋዋል፤ ብዙ የዋጠ ልጅ ወይም ውሻ ግን ይታመማል፣ ሳይታይ አይተው። ቁጥር 28 ከዚህ ወደ ጅራፍ ዞረ፤ ቃጫው እንዴት እንደሚገመድ፣ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ እንዳለበት፣ የሚጮኸውም ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ እንደሆነ፣ ስለዚህ የሚያጮኽ ልጅ ዙሪያ የጅራፉን ርዝመት ሁለት እጥፍ ያህል ማንም እንዳይቆም። ይህ የዳቦ ክር ነው የሚል ተቃውሞ በቁጥር 29 መጣ፤ ቡሄ ያለ ጅራፍ የት አለ የሚል መልስም እዚያው ሥር ተቀጠለበት።

ቁጥር 30 የኮባን ነገር ከሐዋሳ በዝርዝር ጻፈች፤ ከአዳማ ገበያ የተገዛው ኮባ ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ ነው የሚል ቅሬታ በመካከል ተነስቶ ነበርና። ቅጠሉ ጥሬውን አይታጠፍም። አከርካሪው በቢላ ይሳሳል፤ ከዚያ እሳት ላይ ከዳር እስከ ዳር ለብለብ ይደረጋል። ደማቅ አረንጓዴው ጠቆር ብሎ ሲያብረቀርቅ፣ በእጅ ሲያዝም እንደ ጨርቅ ሲወድቅ ደርሷል። በእርጥብ ጨርቅ ሁለቱም ፊቱ ይጠረጋል። ምጣዱ ላይ ጫፍ በጫፍ እየተደራረበ ይነጠፍ፣ በላዩም ይደረብ፤ እንፋሎቱን ስለሚይዝ ምጣድ ላይ የተጋገረ ሙልሙል ቅርፊቱ አይወፍርም። ቀን ያደረ ኮባ ከትኩሱ ይልቅ ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ገበያ ያለ ሰው የተጠቀለለውን ሳይሆን የተዘረጋውን ይምረጥ። ኮባ ካልተገኘ የሙዝ ቅጠል ይሠራል፣ ቀጭን ስለሆነ ግን ድርብ ይሁን።

ጠያቂዋ በቁጥር 31 ተመለሰች። መለኪያው ተበላሽቷል ብላ ለገዛችበት ሱቅ ልትመልሰው አስባ እንደነበር፣ አሁን ግን የሚንተከተክ ውኃ ውስጥ ነክራ 94 እንዳነበበች ጻፈች። እርሾው 7 ግራም፣ ውኃው ከቧንቧ፣ ሙቁ የገባበት፣ ሊጡ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ጣት ተፈትኖ የደረሰ፤ 17 ደቂቃ ላይ 91 ሲል ወጣ። የጠላው ጠረን የለም፤ በማግስቱ ጠዋት ሲጫን ተመልሶ ይነሳል። ሁለቱ ብቻ ጎናቸው ተተርትሯል፤ ልጁ ያድበለበላቸው ናቸው፣ መታጠፊያቸው ወደ ታች ስላልሆነ።

ቁጥር 32 ያች ቁጥር 5 የነበረችው ናት። ስለ ፍልሰታው ምንም አላነሳችም። ለ1 ኪሎ ዱቄት ጥቁር አዝሙዱ ስንት እንደሆነ ማንም አልጻፈውም፣ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ አለች። በቁጥር 33 የመለሰችላት ቁጥር 4 ናት፦ 1 የሻይ ማንኪያ፣ ሳይፈጭ፣ ታሽቶ ሊያልቅ ሲል የሚገባ።